የሁለት ጣሳ አሸዋ

ይድረስ በምጽዋ ለምትኖረው ለወንድሜ ለወልደዮሐንስ ገብረኪዳን፤

ከቡሄ ወዲህ እንደምን ሰነበትህ? ሙቀቱ እንደምን አድርጎ አከረመህ? ዐይንህን ያስለቅስህ የነበረው ነፋስ ተወህ ወይ? አዲሱን ዓመት ማን ጋ ዋልክ? ምግብ የምታበስልልህ ሴትዮ ጨው ማብዛቷን ተወች ወይስ አንተ ለመድከው? ፎቶግራፍ ስለማትልክልን እኔ በሐሳቤ አንድ ቀን አክስቼህ፣ አንድ ቀን አወፍሬህ እቀመጣለሁ። እኔ እኅትህ ሐረግወይን፣ ዝናቡ ሦስት ወር ሙሉ የደረቀ ልብስ አላስለብስ ከማለቱ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። አባባም ደኅና ናቸው ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ነገር ግን አጠገቤ ተቀምጠው «እውነቱን ጻፊለት» ስላሉኝ እውነቱን እጽፍልሃለሁ። ደረታቸው ዘንድሮ ከአምናው ብሶባቸዋል። ከአልጋቸው እስከ በረንዳው ለመድረስ አንዴ ቆመው ማረፍ አለባቸው። ሲያርፉም እንደ ደከማቸው እንዳናውቅባቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል የሚያዩ ይመስላሉ።

ሐኪሙ በሚያዝያ ጀርባቸውን አዳምጦ ያለኝን ያን ጊዜ ጽፌልህ ነበር። ሌላ ክረምት እዚህ እንዲያሳልፉ አልመክርም፣ ለወር ለሁለት ወር ሄዶ መመለስም አይጠቅምም፣ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት የባሕር አየር ባለበት ይኑሩ ነው ያለው። ወደ ዴዴሳ ቆላ ይውረዱ ብንል ወባ አለ፤ ባኮም እንደዚያው ነው። አርጆማ ብርዱ ከኛም ይብሳል። አንተ ደግሞ መሥሪያ ቤትህ ወይ አሁን ባለህበት ምጽዋ እንድትጸና፣ ወይ አምስት ዓመት ወደ ኖርክባት ወደ አሰብ እንድትመለስ ምርጫውን ለራስህ እንደ ተወልህና መልሱን እስከ መስከረም መጨረሻ እንደሚፈልግ ጻፍክልን። «ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለአባባ የሚሻለውን መርጣችሁ ጻፉልኝ» ብለህ ሸክሙን ወደዚህ ተራራ ላክኸው። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ አንድም ሰው ባሕር አይቶ በማያውቅበት ቤታችን ውስጥ የባሕር ከተማ መምረጥ የተጀመረው። አሁን መልሱን ይዣለሁ፤ ግን እንዴት እንደ ተገኘ ሳላጫውትህ ብነግርህ ስለማይገባህ ትንሽ ታገሠኝ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሦስተኛ ክፍልን ካርታ ርጥበት እንዳይበላብኝ ብዬ ወደ ቤት አምጥቼው ነበር። አባባ አልጋቸው ፊት ለፊት እንድሰቅለው አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ክረምቱን የኖሩት እዚያ ካርታ ላይ ነው ብልህ አልዋሸሁም። ከስፌት ዕቃዬ ክር ወስደው ከነቀምት እስከ ምጽዋ ይለካሉ፣ ከነቀምት እስከ አሰብ ይለካሉ፣ ክሩን አስተያይተው መልሰው ይጠቀልሉታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዐይናቸውን ጨፍነው «ሐረግ፣ ባሕሩም እንዲህ ነው የሚጮኸው?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ! «እንዲህ ይመስለኛል» እላቸዋለሁ። እንግዲያው ለምደነዋል ይላሉ። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከግቢው አጥር ወዲህ ሲመጣና ጎረቤት ሁሉ ሲጠፋ፣ እኔም የምር ቤታችን መርከብ ላይ ያለ መስሎኝ መስኮቱን ለመክፈት እፈራለሁ።

አማካሪ አላጣንም። ታፋን ታስታውሰዋለህ፤ ከኛ በታች ጨለለቂ ሰፈር ያደገው፣ ዛሬ የወለጋን ቡና ጭኖ እስከ አሰብ የሚያደርስ ሾፌር ሆኗል። እሱ የአሰብ ጠበቃ ነው። መንገዱ ሰፊ፣ ቤቱ አዲስ፣ ነፋሱ ቀን ከሌት የማያቋርጥ ይለናል። ባለ ሱቁ ተረፋ ደግሞ ከጉራጌ አገር ወጥቶ እዚህ ከመክተሙ በፊት ከአጎቱ ጋር ሁለት ዓመት ምጽዋ ጨርቅ ሸጧል፤ እሱ ምጽዋን አያስነካም። ቤቱ የተሠራበት ድንጋይ ከባሕር የወጣ ነው፣ ደሴቱን ከደሴት የሚያገናኝ ድልድይ አለ፣ ሙቀቱ ሲጠና ሰው ሁሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ጎን ለጎን ይተኛል ይላል። አባባ በድንጋዩ ተደነቁ፤ በአልጋው ግን ተከዙ። «እኔ ስስል ሰፈሩ ሁሉ ሊነቃ ነው» አሉ። ሙቀቱ እንደ ባኮ ይሆን ብለው ሲጠይቁ ታፋ ሳቀና ባኮ እዚያ ብትሄድ ብርድ ልብስ ትለምናለች አላቸው።

እኛ ግን ምን ሠርተን እንደ ነበር ብትሰማ ትስቃለህ። ክረምቱን ለማምለጥ ብለን በሰኔ መጀመሪያ ሣጥን አሥረን ነበር። አባባ ካፖርታቸውን፣ ሁለት ጋቢ፣ ጃንጥላና የጭቃ ቦት ጫማ አስከተቱኝ፤ ክረምት ነውና። ታፋ ሣጥኑን ሊጭን መጥቶ ውስጡን ሲያይ መሬት ላይ ተቀመጠ። በሐምሌ እዚያ እሳት እንጂ ዝናብ እንደማይወርድ፣ ዝናብ ቢመጣም በታኅሣሥና በጥር እንደሆነ፣ በዚህ ደረት በሰኔ እዚያ መውረድ ከድጡ ወደ ማጡ እንደሆነ አስረዳን። አንተ አሥራ አንድ ዓመት ስትጽፍልን ይህን ለምን አልነገርከንም ብዬ ተቆጥቼህ ነበር፤ ኋላ ሳስበው የጠየቀህ የለም። ክረምት ዓለሙን ሁሉ በአንድ ቀን የሚገባበት ይመስለን ነበር። ሣጥኑ ተፈታ። በማግስቱ ግን አባባ ከካርታው ሥር ሆነው ቀስ ብለው፣ የነሱ ክረምት በኛ በጋ ከሆነ በጥቅምት ብንሄድ ጥሩ ጊዜ ላይ እንደርሳለን አሉኝ።

አሸዋውን ያመጣው የጎረቤታችን የኦቦ ጨመዳ ምክር ነው። ኦቦ ጨመዳ አባባን ሊጠይቁ መጥተው የታፋንና የተረፋን ክርክር ሲሰሙ ቆዩና፣ የሳቸው አባት ጎጆ የሚቀልሱበትን ቦታ ሲመርጡ እዚያው መሬት ላይ አንድ ሌሊት ተኝተው ያዩትን ሕልም ሳያጤኑ ምሰሶ አያቆሙም ነበር አሉ። «እኔ ወንጌል የማምን ሰው ነኝ፤ በሕልም አልመራም። ግን አባቴ የመረጡት ቦታ ላይ ስድሳ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ አንድ ቀን አልከፋኝም» አሉ። አባባ እንደምታውቃቸው ቡልጋ ተወልደው ቢመጡም የዚህን አገር ነገር ከአገሬው በላይ ይወዳሉ። ሄጄ ልተኛበት ካልቻልኩ አፈሩ ይምጣልኝ አሉ። ምክንያቱን ሳልነግርህ «ከሁለቱም ከተማ አንዳንድ ጣሳ አሸዋ ላክ» ብዬ የጻፍኩልህ ይህ ነበር። አእምሯቸው ተነካ እንዴ ብለህ እንደ ፈራህ ከመልስህ ተረድቻለሁ። አልተነኩም፤ ምን ጊዜም ቢሆን ነገር ሳይመረምሩ የማይፈርሙ ጸሐፊ ነበሩ፣ አሁንም እንደዚያው ናቸው።

ሁለቱ ጣሳዎች፣ የምጽዋው በመርከብ እስከ አሰብ መጥቶ፣ ጳጉሜን ሁለት በታፋ መኪና ደረሱ። በቲማቲም ጣሳው የአሰብ፣ በወተት ዱቄቱ ጣሳ የምጽዋ አሸዋ ነበረ፤ በእጅህ የጻፍክባትን ወረቀት ሳይ ደስ አለኝ። አባባ ከሁለቱም ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ አድርገው አሸተቱት። ከዚያ የአሰቡን በጨርቅ ቋጥሬ ከመኝታቸው ሥር አደረግሁላቸው።

ሲነጋ ፊታቸው በርቶ አገኘኋቸው። «ከተማዋ ነጭ ናት» አሉኝ። «ዳገት የላትም። እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ፣ አይደክመኝም። ነፋሱ ደረቴ ውስጥ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። የቤቱ ሁሉ በር ክፍት ነው። እየዞርኩ በየቤቱ ደኅና ዋላችሁ እላለሁ።» ማን መለሰልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው። ማንም አልነበረም አሉ። ቢሆንም ቁርሳቸውን በሙሉ በሉ፤ ያን ቀን በረንዳው ድረስ ሳያርፉ ሄዱ። እኔም በልቤ አሰብ ሆነች ማለት ነው ብዬ ጨረስኩ።

የምጽዋው ተራ ለዕንቍጣጣሽ ማግስት ነበር። አሁን የሚመጣውን ስታነብ ማንንም እንዳትቀየም። የኦቦ ጨመዳ ባለቤት አዴ ድርቤ፣ የበዓሉ ዕለት እኔ እንግዳ ሳስተናግድ ስላዩኝ ቦራን ሊያልቡልኝ ገቡ። ላማችን ቦራ ዘንድሮ ወተት ቀንሳ ነበር። አዴ ድርቤ ከጓዳው መደብ ላይ ጣሳውን አገኙ፣ በምላሳቸው ቀመሱት፣ ጨው ጨው አላቸው። ለከብት የሚሰጠው ጨዋማ አፈር፣ እሳቸው ሀያ የሚሉት፣ ከሩቅ ተገዝቶ የመጣ መሰላቸው። በጎ ሥራ የሠሩ መስሏቸው የምጽዋን አሸዋ በሙሉ ለቦራ አቀረቡላት። ቦራም የሚላሰውን ልሳ፣ አሸዋውን በተነችና ጣሳውን ሳይቀር እስኪያበራ ድረስ ላሰችው። የቀረው ከጭቃና ከእበት ጋር ተረገጠ። ጨርሶ የሚለቀም አልነበረም።

ነገሩን ስነግራቸው አዴ ድርቤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና «ያ ዋቃ፣ አምላኬ፣ የሰው አገር ለላም አበላሁ» ብለው አለቀሱ። ኦቦ ጨመዳ ሚስታቸውን ለማጽናናት ብለው ላሟ መርጣለችና ከዚህ በኋላ ክርክር የለም አሉ። ወሬው ሱቅ ደረሰ፤ ተረፋ ለምጽዋ አንድ ድምፅ ተገኘላት እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቅ ከረመ። አባባ ግን አልሳቁም። እዚያ ጣሳ ውስጥ አንተ አሁን የምትረግጠው መሬት ነበረ፤ እኔ ያን ጊዜ አልገባኝም እንጂ ያዘኑት ለሕልሙ አልነበረም። ማታ ቦራ ከወትሮዋ አብልጣ ሰጠች። ወተቱን በዋንጫ ይዤላቸው ስገባ ለረጅም ጊዜ አዩትና «እንግዲህ ልተኛበት ባልችል ልጠጣው» ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ አልፈለጉም። አጠገባቸው እንድቀመጥ አደረጉና እንዲህ አሉኝ። «ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠራ ቤት ደጃፍ ላይ ተኝቻለሁ። መንገዱ በአልጋ ሞልቷል። እስላለሁ፤ እዚያም እስላለሁ። አንዱ ይነሣና ውኃ ያመጣልኛል፣ አንዷ ጀርባዬን ትደግፈኛለች፣ ቋንቋቸውን አላውቀውም። ከዚያ አንድ ሽበታም ሰው በአልጋዎቹ መካከል እየመጣ አየሁ። ማን እንደሆነ አላወቅኩትም። እሱ ግን አወቀኝ። አባባ አለኝ።» ከዚያ ቀና ብለው «ሐረግ፣ ልጄ ሸብቷል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ወልደዮሐንስ፣ ምን ልበላቸው? አላውቅም አልኳቸው። እኔም አንተን ሳስብ የሚታየኝ ቆቡን በእጁ ይዞ አውቶቡስ የሚሳፈር የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው።

ቀኑን ሙሉ ደብዳቤዎችህን አስነበቡኝ። በመጀመሪያ የአሰቦቹን፣ ቀጥሎ የምጽዋዎቹን። ከአሰብ በጻፍክልን አምስት ዓመት ውስጥ የመርከብ ስም እንጂ የሰው ስም የለም። ስለ ነፋሱ፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ጠርሙስ ውኃ ጽፈሃል፤ ለእናታችን ለእማማ የሺወርቅ ልቅሶ ሳትደርስ ስትቀር የጻፍካት ሁለት መስመርም ከአሰብ ናት። ከምጽዋ በጻፍክልን ስድስት ዓመት ግን ጸሐይወርቅ የምትባል ሦስት ጊዜ ትመጣለች። አንዴ የሸሚዝህን ኮሌታ ገልብጣ ሰፍታልሃለች። አንዴ በሚያዝያ ትኵሳት ይዞህ ጠይቃሃለች። አንዴ ደግሞ የታኅሣሥ ዝናብ የደጋ አገር ይሸታል ብላሃለች። እኔ ሳነብ ያለፍኩትን አባባ በጣታቸው ቆጥረዋል። «ይህቺ ጸሐይወርቅ ማን ናት?» አሉኝ። እኔ እንዴት ላውቅ፣ ለእኔስ መች ነገርከኝ! ደብቀህ ዝም ባልከው ነገር ሁሉ ስትያዝ ፊትህ እንደሚቀላ አውቃለሁና አሁን እየቀላህ እንደሆነ ይታየኛል።

ሐኪሙን ሄጄ ጠየቅሁት። ለደረታቸው ሁለቱም ይሆናሉ፣ በጥቅምት ከወረዱ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ይለምዱታል አለኝ። ይህን ስነግራቸው አባባ ካርታው ፊት ቆመው ክራቸውን ከምጽዋ ላይ በመርፌ ወጉት። «አሰብ ለደረቴ ትስማማኛለች። እኔ ግን ልጄ የሰው ስም የሚጠራባት ከተማ ነው የምሄደው። ጻፊለት» አሉ። መልሳችን ይኸው ነው፤ ለመሥሪያ ቤትህ ምጽዋ በልና ፈርም። ለአንተ ሁለቱም አንድ እንዳልሆኑ እዚህ ሆነን ደርሰንበታል።

ይህችን ገጽ የምጽፈው አባባ መስቀል ሊደርስ ሲል የወጣችውን ፀሐይ ሊሞቁ ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ ነው፤ ሳነብላቸው እዘላታለሁ። የተረፈውን የአሰብ አሸዋ እኔም ከመኝታዬ ሥር አድርጌ ተኝቼበት ነበር። እኔም ዕድሌን ልወቅ ብዬ ነው። አባባ አብሬያቸው የምኖር ይመስላቸዋል፤ እዚያ የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ሳይቀር ካርታው ላይ ቦታ ሰጥተውልኛል። ምንም ሕልም አላየሁም። ለሦስት ቀን ተኛሁበት፣ ሦስቱንም ቀን ድንጋይ ሆኜ ተኛሁ። አፍሬ ለኦቦ ጨመዳ ብነግራቸው፣ በአባቴ ልማድ ከሆነ ምንም ሕልም ያላየ ሰው ቤቱ አሁን ባለበት ቦታ ላይ ነው አሉኝ። እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ እውነታቸውን ስለሆነ ነው ያለቀስኩት። የማስተምራቸው ልጆቼ እዚህ ናቸው፣ አንዲቷ ሎሚ የምትባል ተማሪዬ አምና በአማርኛ አንድ ቃል አትናገርም ነበር፣ ዘንድሮ ታነባለች። የእማማም መቃብር ሣሩን የሚነቅል ይፈልጋል። ባለፈው እሑድ አባባ በክንዴ ተደግፈው እዚያ ሄዱና «ወደ ልጅሽ ልሄድ ነው» ብለው ብቻ ተመለሱ። እኔ እሳቸውን አድርሼ እመለሳለሁ። ለአባባ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ይህን አንተ ላይ አልጥልም። ዳግመኛ አያቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ይህንንም ቢሆን ለአንተ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ።

ጥቅምት አሥር ከዚህ በአውቶቡስ እንነሣለን። አዲስ አበባ ሁለት ቀን ዐርፈን በደሴ በኩል አስመራ፣ ከዚያ በባቡር እንወርዳለን። ሣጥኑን እንደ ገና አሥሬዋለሁ፤ ካፖርቱ ወጥቷል፣ ጃንጥላውን ግን አባባ ለፀሐይ ይሆናል ብለው አላስወጡትም።

ኦቦ ጨመዳ ሰላም ይሉሃል፤ ባሕሩን ስታየው በኦሪት ዘፍጥረት የተፈጠረበትን ቀን አስብልኝ ብለዋል። አዴ ድርቤ ይቅር በለኝ ይሉሃል፣ አንድ ቅል ቅቤም በእጄ ልከዋል። ታፋ እስከ አሰብ ልሸኛቸው ነበር ብሎ አኵርፏል፤ ቢሆንም ሰላም ይልሃል። ተረፋ የድሮ ሱቃቸው በር አሁንም ሰማያዊ እንደሆነ እንድታይለት ይለምንሃል። ቦራ ደኅና ናት፤ ወተቷ እንደ በዛ ነው። ጸሐይወርቅን ሳላውቃት በጣም አድርጌ ሳምኳት በልልኝ። ያቺን የሸሚዝ ኮሌታ እንዴት እንደ ሰፋችው ሳያት እፈርዳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። አባባ ዐይናቸው ደክሟል፤ ከባቡሩ ስንወርድ ሕዝቡ መካከል አንተን ሲፈልጉ የሚፈልጉት ያን ባለ ቆቡን ጎረምሳ ነው። ብትሸብትም ባትሸብትም እስኪያውቁህ ቆመህ አትጠብቅ። እንደ ሕልማቸው አንተ ቀድመህ እወቃቸውና «አባባ» በላቸው።

እኅትህ ሐረግወይን ገብረኪዳን
ነቀምት፣ መስከረም 12 ቀን 1956 ዓ.ም.